ለትምህርት ወጥቶ ቅዳሜን ሜዳ ላይ ማሳለፍ፦ ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ

የቱሉ ዲምቱ ነፋስ (ጠያቂ)

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ፈጣሪ ከፈቀደ በመጪው መስከረም ለአንድ ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ ሰሜን እንግሊዝ እሄዳለሁ። የተላከልኝን የአዲስ ተማሪዎች መመሪያ አባቴ አብሮኝ ሲያገላብጥ ለስፖርት ክበባት የተሰጡት ገጾች ለቤተ መጻሕፍቱ ከተሰጡት እንደሚበዙ አስተዋለና፣ «ለመሆኑ የምትሄጂው ለትምህርት ነው ለኳስ?» ሲል ጠየቀኝ። እስካሁን የረባ መልስ አልሰጠሁትም።

እኔ ስፖርተኛ አይደለሁም። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቮሊቦል ከመጫወቴ በቀር፣ ከዚያ ወዲህ ያደረግሁት እንቅስቃሴ ቢኖር ማለዳ የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆምና ታክሲው ሲመጣ መጋፋት ነው። ይሁን እንጂ ካቻምና የሄደች ጓደኛዬ «ከሰኞ እስከ ዓርብ ምንም አይልሽም፤ ፈተናው ቅዳሜና እሑድ ነው» ብላ ጽፋልኛለች። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ችሎታ የሌለው ሰው እነዚህ ክበባት ውስጥ ቢገባ መሳቂያ ይሆናል ወይስ ቦታ ያገኛል? ጊዜውና ገንዘቡስ የአንድ ዓመት ትምህርት ከያዘ ሰው ጋር ይስማማል?

ባለ ገናው (ሱሉልታ)

እንኳን ደስ ያለሽ፣ እህቴ። ጓደኛሽ የጻፈችልሽ እውነት ነው። እኔ እዚያው አገር በተማርኩበት ዓመት የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቅዳሜዎች ያሳለፍኩት እስከ ረፋድ ተኝቼ፣ ለሳምንት የሚበቃ ምስር ወጥ ሠርቼና ቤተሰብ ጋር ደውዬ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ገና ከቀኑ ሰባት ሰዓት ይሆንና የቀረውን ቀን ምን እንደማደርገው ግራ ይገባኝ ነበር። ሱሉልታ ሳለሁ ቅዳሜ ሥራ ፈትቼ አላውቅም፤ ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ፣ የጎረቤት ቤት ቆርቆሮ ሲመታ ማገዝ አለ። እዚያ ግን ቅዳሜህን ከእጅህ የሚወስድልህ ሰው የለም።

እኔን ከክፍሌ ያወጣኝ ሆኪ ነው። በትምህርት መክፈቻው ሰሞን ክበባቱ ሁሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው አዲስ ተማሪ ሲመዘግቡ፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ተጋድሞ አየሁና «ይህማ የእኛው ገና ነው» ብዬ ወረቀታቸውን ተቀበልኩ። ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ረሳሁት፤ በሰባተኛው ሳምንት ቁልፍ ስፈልግ አገኘሁትና ሄድኩ።

ገናን በልጅነቴ ስለተጫወትኩ ትምህርት አያስፈልገኝም የሚል ድፍረት ነበረኝ። ኳሷ በግራዬ ስትመጣ እንደለመድኩት በዱላው ጀርባ መታኋት፤ ፊሽካ ተነፋ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። የሆኪ ዱላ አንድ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ድብልብል ነው፤ ኳሷን መንካት የሚፈቀደው በጠፍጣፋው ብቻ ስለሆነ በግራ የመጣችን ኳስ ለመምታት ዱላውን ማገላበጥ ግድ ይላል። በአራተኛው ጊዜ ከተቃራኒው ወገን የነበረ አንድ ልጅ ጨዋታውን ትቶ መጣና፣ ምንም ሳይናገር ግራ እጄን ከዱላው ራስ ላይ አጥብቆ አስይዞ፣ የቀኝ እጄን ጣቶች አላላቸው፤ ከዚያ ግራ እጄን ሲጠመዝዘው ዱላው በቀኝ መዳፌ ውስጥ ዞረ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው እዚያም ይሠራል መሰለኝ፤ የሳቀብኝ እንጂ የተቆጣኝ አልነበረም።

ስለ ችሎታ ለጠየቅሽው፣ ክለቦቹ እንደ ብዛታቸው አራትም አምስትም ቡድን አላቸው፤ እኔ የተመደብኩት በመጨረሻው ነው። የመጨረሻው ቡድን ከሁሉ ይሻላል ብዬ እከራከራለሁ፤ ሁልጊዜ ሰው ስለሚጎድለው ብትቀሪ ይታወቅብሻል። እኔ እዚያ አገር መቅረቴ የታወቀበት ብቸኛ ቦታ ያ ነበር፤ ሌክቸር ብቀር ማንም አይጠይቀኝም፤ ቅዳሜ ብቀር ግን ዓርብ ማታ ጀምሮ ይደወልልኛል።

አንድ ነገር ልብ በዪ። የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለስፖርት ሲሉ ትምህርት አያደርጉም፤ የዩኒቨርሲቲዎች ግጥሚያ በብዛት የሚካሄደው ያን ጊዜ ነው። ቅዳሜ የሚጫወቱት የከተማው ነዋሪዎች ክለቦች ናቸው፤ እነሱም ተማሪ ይቀበላሉ። እኔ የገባሁት በነዚህ በኩል ነው፤ ቡድኔ ውስጥ አናጢ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። እንግሊዝኛቸውን በደንብ መስማት የጀመርኩትም ወደ ሌላ ከተማ ለግጥሚያ ስንሄድ በሹፌሩ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው። በእኛ ሊግ ልማድ ባለሜዳው ቡድን ከጨዋታ በኋላ እንግዳውን ያበላል። ጾመ ነቢያት ሲገባ የሚቀርበው ቋሊማ ስለነበር ዝም ብዬ ቡና ስጠጣ ያየኝ አምበላችን ምክንያቱን ጠየቀኝ፤ ከዚያች ቀን በኋላ በየሄድንበት አስቀድሞ እየደወለ ለእኔ የተጠበሰ ድንችና በቲማቲም የተሠራ የቆርቆሮ ባቄላ ያዘዝልኝ ነበር። ባቄላው ጣፋጭ ነው፣ ስኳር አለበት፤ አልወደድኩትም፤ ግን እየበላሁ ጾሙን ፈጸምኩ።

ከለገጣፎ ማዶ

ባለ ገናው የጻፈው ልብ ይነካል፤ ነገር ግን የሁላችንም ቅዳሜ ባዶ አልነበረም። እኔም እንግሊዝ አገር ነው የተማርኩት፤ የተሰጠኝ ድጎማ የትምህርት ክፍያውን እንጂ ኑሮዬን ስለማይሸፍን መሥራት ነበረብኝ። በዲግሪ ደረጃ የሚማር የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም፤ 20ው ሰዓት ደግሞ ክፍል በማይኖርበት ቀን ላይ ይወድቃል፤ ማለትም ቅዳሜና እሑድ ላይ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሞቅ ብሎኝ ለአንድ ክበብ የዓመቱን መዋጮ በሙሉ ከፈልኩ፤ ማልያም ገዛሁ። በሦስተኛው ሳምንት የሥራ ፈረቃዬ ወጣና ልምምዱ ካለበት ሰዓት ጋር ገጠመ። ገንዘቤን እንዲመልሱልኝ ብጠይቅ ደንቡ አይፈቅድም ተባልኩ፤ ደንቡን ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝና ብዙም አልተከራከርኩ። ማልያውን ሁለት ጊዜ ለብሼዋለሁ፤ አሁን ወንድሜ መኪና ሲያጥብ ይለብሰዋል።

ስለዚህ እህቴ፣ አትግቢ አልልሽም፤ ቀስ ብለሽ ግቢ ነው የምልሽ። ብዙዎቹ ክበባት አንድ ሁለት የሙከራ ቀን በነፃ ወይም በጥቂት ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ያንን ሳትጨርሺ የባንክ ካርድሽን አታውጪ። መዋጮውን በመንፈቅ መክፈል ይቻል እንደሆነ፣ ለጉዞ የሚወጣውን ማን እንደሚከፍል፣ ዱላም ሆነ መከላከያ ያውሱ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ጥርስ መከላከያውን ግን ራስሽ ግዢ፤ እሱ አይዋዋሱትም።

ባለ ገናው (ሱሉልታ)

የለገጣፎዋ እህቴ ያነሳችው ትክክል ነው፤ እኔ ሙሉ ስኮላርሺፕ ስለነበረኝ ያ ጣጣ አላገኘኝም፤ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ጊዜን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የአንድ ዓመቱ ትምህርት ክብደቱ የሚመጣው በበጋቸው፣ ማለትም እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲጻፍ ነው። ሆኪውና ቮሊቦሉ በአብዛኛው እስከ ሚያዝያ ድረስ ያልቃሉ። ሜዳውና ጽሑፉ እኔን አንድም ቀን አልተሻሙብኝም።

ሯጭ ያልሆንኩት (የካ አባዶ)

ስለ ሩጫ ላስጠንቅቅሽ ብዬ ነው የገባሁት። ከኢትዮጵያ መሆንሽን የሰማ ሰው ሁሉ ሯጭ ያደርግሻል። እኔ ከየካ አባዶ እስከ አያት በእግሬ የሄድኩት ታክሲ በጠፋ ቀን ብቻ ነው፤ ሆኖም የዩኒቨርሲቲው የአገር አቋራጭ ቡድን ስሜን ሳልጠይቅ መዘገበው። የጥር ወር ነበር። ሜዳው ጭቃ ነው ስላችሁ የእኛን የሰኔ ጭቃ እንዳታስቡ፤ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ፣ ላሞች የረገጡት ጭቃ ነው። የግራ ጫማዬን ዋጠው፤ ተመልሼ በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት። ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆኜ ገባሁ፤ ከኋላዬ የነበረው ልጅ ወለምታ ነበረበት።

ከፍታውን በተመለከተም የሚነገረው ግማሹ ብቻ እውነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች በመሆኗ ሰውነታችን ኦክስጅን የሚሸከም ቀይ የደም ሕዋስ በብዛት ያመርታል፤ ዝቅ ወዳለ አገር ስንወርድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ቀለል ይለናል። ነገር ግን ይህ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠፋል፤ ላልሠለጠነ እግር ደግሞ ድሮውንም የሚያደርግለት ነገር የለም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ከዚያ ውድድር በኋላ አንድ የሠፈር የሯጮች ቡድን «በገንዘብ አሠልጥነን» ብሎኝ ነበር፤ እኔን! በእንግሊዝ የተማሪ ቪዛ ሙያተኛ ስፖርተኛ ሆኖ መሥራት የተከለከለ ነው፤ የስፖርት አሠልጣኝነትም በዚህ ውስጥ ይካተታል። ከ20 ሰዓቱ በታች ቢሆንም አይፈቀድም። «አገርሽን እናውቃታለንና ልጆቻችንን ትንሽ አሩጪልን፣ ጥቂት ፓውንድ እንሰጥሻለን» የሚል ሰው ከመጣ ፈገግ ብለሽ እምቢ በዪ፤ ካመነታሽም የዩኒቨርሲቲሽን የቪዛ አማካሪ ቢሮ ጠይቂ፤ ምክሩ በነፃ ነው።

ማለዳ ተጓዥ (ቡራዩ)

ሩጫውን እንዲህ አታስጠላብን፣ ወንድሜ። ክፍያም፣ ምዝገባ የሚያልቅበት ቀንም የሌለው አንድ ነገር አለ፤ ፓርክረን ይባላል። በእንግሊዝ በየቅዳሜው ጠዋት በነሱ 9 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት መሆኑ ነው፣ በየከተማው መናፈሻ ውስጥ 5 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ወይም ይራመዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 ለንደን ውስጥ ቡሺ ፓርክ በሚባል ቦታ በ13 ሯጮች ተጀምሮ ነው ዛሬ በየአገሩ የተዳረሰው። አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ትመዘገቢያለሽ፣ የግልሽ ባርኮድ ይሰጥሻል፣ ስትጨርሺ ይነበባል፤ በቃ።

ለጠያቂዋ በተለይ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ከሁሉ ኋላ የሚሄድ አንድ በጎ ፈቃደኛ ሁልጊዜ ስለሚመደብ መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው፤ አንቺ መጨረሻ ልትሆኚ አትችዪም። መሮጥ ካልፈለግሽ ደግሞ ባርኮድ ማንበብ፣ ሰዓት መያዝ፣ መታጠፊያ ላይ ቆሞ ማበረታታት አለ። እኔ ለሁለት ወር መታጠፊያ ላይ ነው የቆምኩት፤ ከሯጮቹ ይልቅ ሰው ያወቅሁት እኔ ነኝ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከተጀመረበት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር ላይ በሺዎች ሆነን አብረን መሮጥን ለምደናል፤ ይህ ግን በዓል አይደለም፤ ጎረቤት በየሳምንቱ የሚገናኝበት ተራ ቀጠሮ ነው፤ ዝናብ ቢሆንም አይቀርም።

የልጆች አባት (ሰበታ)

ይህን ውይይት ያሳየችኝ ልጄ ናት። የሁላችሁንም ምክር በደስታ አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን አንዳችሁም ያላነሳችሁት ነገር አለ። እዚያ አገር ከጨዋታ በኋላ ሁሉም ተያይዞ መጠጥ ቤት እንደሚገባ እሰማለሁ። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ አልጨርሰውም። ቤተሰብ የሚፈራው ኳሱን አይደለም፤ ከኳሱ በኋላ ያለውን ነው። የጠያቂዋም አባት ይህን እያሰበ ይመስለኛል።

ባለ ገናው (ሱሉልታ)

ጋሼ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ሸፋፍኜ አላልፈውም። ከጨዋታው ይልቅ መጠጡ የሚበልጥባቸው ቡድኖች አሉ። አዲስ አባልን አስገድዶ ማጠጣት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተከለከለ ቢሆንም ተደብቆ የሚያደርገው አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ቡድን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ይበቃል፤ አውቆ መልቀቅ ነው። እኔ በነበርኩበት ቡድን ግን ለስላሳ የሚያዝ ሰው የሚጠይቀው አልነበረም፤ ሹፌራችንም አይጠጣም ነበርና ሁለታችን አንድ ጥግ ይዘን የቀሩትን እናያቸው ነበር። እርስዎ ቢያዩአቸው ይስቁ ነበር፣ ጋሼ፤ ሰባት ለባዶ ተሸንፈው የሚዘፍኑ ሰዎች ናቸው።

ጀሞ አደባባይ

እኔ አሜሪካ ነው የተማርኩት። የዩኒቨርሲቲያችን ጂም ክፍያ ከትምህርት ክፍያው ጋር ተጠቃልሎ ስለሚቆረጥ፣ የማይጠቀምበት ሰው ገንዘቡን እየጣለ ነው። እሑድ እሑድ የምንጫወተው አልቲሜት ፍሪዝቢ ነበር፤ በየወገኑ ሰባት ሰው ሆኖ ዝርግ ክብ ሳሕን እየተቀባበሉ መስመር ማሻገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የኒው ጀርሲ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው የጀመሩት። የሚገርመው ዳኛ የለውም፤ ጥፋት ተፈጸመብኝ የሚል ሰው ራሱ ይናገራል፣ ተጠያቂውም ያምናል ወይም ይክዳል፣ ካልተስማሙ ሳሕኑ ወደነበረበት ተመልሶ ይደገማል። በዳኛ ላይ እየጮህኩ ላደግሁት ለእኔ ይህ ከባድ ነበር። አንዴ «ገፋኝ!» ብዬ ስጮህ የገፋኝ ልጅ በእርጋታ «እንዴት እንደነበር ንገረኝ» አለኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በእንግሊዝኛ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ስናገር ግን እኔው እንደገፋሁት ገባኝ።

የቱሉ ዲምቱ ነፋስ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጋሼን ጽሑፍ ለአባቴ ጮክ ብዬ ሳነብለት «እሱ ነው እንጂ ሰው!» አለ፤ የባለ ገናውን መልስ ሳነብለት ደግሞ ዝም ብሎ አዳመጠ። የፓርክረኑን ነገር ይዣለሁ። ሆኖም ልቤ ያለው ቮሊቦል ላይ ነው፤ ችግሩ ኳስ ከነካሁ ስምንት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሌላው የሚያሳስበኝ ብርዱና ጨለማው ነው፤ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው ይባላል።

ሁለተኛው ብሎክ ጀርባ (ቱሉ ዲምቱ)

ጎረቤት ነን ማለት ነው! ብርዱ አያሳስብሽ፤ እዚያ ቮሊቦል የሚጫወቱት አዳራሽ ውስጥ ነው፤ መብራት አለ፣ ነፋስ የለም። የእኛ ሜዳ ነው ነፋስ ያለበት።

እኔ የተማርኩት ሃንጋሪ ነው። እዚያ ከነበርኩበት የእሑድ ቡድን ይዤ የመጣሁት ጨዋታውን አይደለም፤ እሱንማ እዚህም እናውቀው ነበር። ያመጣሁት ግድግዳ ላይ የተለጠፈችዋን ወረቀት ነው። በዚያች ወረቀት ላይ መረብ የሚዘረጋው፣ ኳስ የሚነፋው፣ ወለል የሚጠርገው፣ ቁልፍ የሚመልሰው ሰው በየሳምንቱ በስም ተጽፎ ይለጠፍ ነበር። ቋንቋቸውን አንድ ቃል ሳላውቅ ገና በሁለተኛው ሳምንት ስሜ ከነስህተቱ ተጽፎ ወለል ጠራጊ ሆኜ አገኘሁት፤ መጥረጊያውን የት እንደሚያስቀምጡ ለመጠየቅ ስል ነው ከሰው ጋር መነጋገር የጀመርኩት። ጥሩ ተጫዋቾች ከጨዋታ በኋላ ቶሎ ይሄዱ ነበር፤ መረብ የምንጠቀልለው ግን እየተጨዋወትን እንቆይ ነበር።

ስመለስ ከብሎኮቹ ጀርባ ያለችውን ክፍት ቦታ ለምነን እሑድ እሑድ መጫወት ጀመርን፤ ወረቀቷም አለች፤ አሁን በቴሌግራም ሆናለች። የመረቡን አንዱን ጫፍ ከመብራት ምሰሶ፣ ሌላውን ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር እናስረዋለን። ሜዳው ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ታች የቆመው ቡድን ሁልጊዜ ያማርራል። ድንጋይ ለቃሚ በተራ ይመደባል። እስከ መስከረም ድረስ በቂ እሑዶች አሉ፤ ከቅዳሴ መልስ ከ5 ሰዓት ጀምሮ ነን፤ ሴቶችም ወንዶችም አብረን እንጫወታለን፤ ስምንት ዓመት ያልነካ ሰው መጥቶ ያውቃል። ቡና ከብሎኩ ጠባቂ ቤት ይመጣል፤ ሌላ የሚጠጣ የለም፤ ይህን ለአባትሽ ንገሪልን።

ከለገጣፎ ማዶ

እኔም ብመጣ ይቻላል? መዋጮው በዓመት ከሆነ ግን ደንቡን አስቀድማችሁ ላኩልኝ።

ሁለተኛው ብሎክ ጀርባ (ቱሉ ዲምቱ)

መዋጮ የለም፤ ድንጋይ መልቀም ግን አለ። ለመጪው እሑድ ጽፌሻለሁ።

የቱሉ ዲምቱ ነፋስ (ጠያቂ)

እመጣለሁ። አባቴም ይመጣል። ጡረታ የወጣ ግንበኛ ነው፤ መረቡ ከምሰሶና ከዛፍ ጋር እንደሚታሰር ስነግረው ቁመቱን ጠየቀኝ፤ በዓይን ግምት መሆኑን ስነግረው ተናደደ። ስልኬን ተቀብሎ ራሱ ፈለገ፤ የሴቶች መረብ 2 ሜትር ከ24፣ የወንዶች 2 ሜትር ከ43 መሆኑን አገኘ። ሁለቱ አብረው ሲጫወቱስ በየትኛው ነው እያለ ከትናንት ማታ ጀምሮ እየጠየቀኝ ነው። ሜትሩንና የውኃ ልኩን ይዞ ይመጣል፤ ሜዳው ስለማዘንበሉ ግን እስካሁን አልነገርኩትም።